አንድ ላይ ወይስ በየተራ

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ
ግንቦት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዶክተር ክብሩ

እንደምን ከርመሃል ወንድሜ? ደም ግፊቴን ጠይቀሃል፤ ያንተን ደብዳቤ እስከማነብ ድረስ ደህና ነበር። ቤቱን ጠይቀሃል፤ ጣሪያው ያፈሳል። «ለምን ስልክ አታነሺም?» ላልከው ደግሞ፣ ድምፅህን ስሰማ ያ አፍንጫውን በእጅጌው የሚጠርግ ልጅ ትዝ ይለኛል። አሁን ለአንተ መራራት አልፈልግም። ስለዚህ በወረቀት እንነጋገር። ይህንን የላክሁት በጠዋቱ አውቶቡስ በሾፌሩ እጅ ነው፤ መልስ ካለህ በዚያው ሰው ስጠው።

አንተ የምትመራው ኮሚቴ ለአዲሱ የሳይንስ አዳሪ ትምህርት ቤት የሰጠውን የመግቢያ ፈተና መልስ በቴሌግራም ለጥፋችሁ አየሁ። የመጨረሻውን ጥያቄ ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ መነጽሬ መስሎኝ ነበር።

«አንዲት ጠፈርተኛ ከመንኮራኩሯ ጋር የሚያገናኛት ገመድ ተበጥሶ በሕዋ ላይ ቀርታለች። በእጇ ሁለት አንድ ዓይነት መሣሪያዎች አሉ። ለመመለስ መሣሪያዎቹን ወደ ኋላዋ ትወረውራለች። የምትወረውርበት ፍጥነት ከራሷ አንጻር ሁልጊዜ እኩል ነው። በበለጠ ፍጥነት የምትመለሰው ሁለቱን አንድ ላይ ብትወረውር ነው ወይስ በየተራ?»

መልሳችሁ ምን ይላል? «ሞመንተም ስለሚጠበቅ ሁለቱም እኩል ነው።»

እኩል አይደለም ክብሩ! የመጀመሪያውን ስትወረውር ሁለተኛው ገና እጇ ላይ ነው፤ እሱን ጭምር ይዛ ነው የምትሄደው። ሁለተኛውን ስትወረውር ግን ቀልላለች፤ ያው ውርወራ ቀለል ያለችውን ሴት የበለጠ ያፈጥናታል። አንድ ላይ ከወረወረቻቸው ይህ ጥቅም ይቀርባታል። ሮኬትስ የሚሄደው እንዴት ነው? ጥቂት በጥቂት እየተፋ፣ እየቀለለ፣ እየፈጠነ አይደለም? ይህንን የኩልፎ ሙዝ ጫኝ እንኳ ያውቀዋል ልልህ ነበር። አያውቀውም። ማወቅም የለበትም። ማወቅ የነበረብህ አንተ ነህ።

ይባስ ብሎ ያ ፎቶህ ሽፋኑ ላይ የወጣበት የፈተና መዘጋጃ መጽሐፍህም ይህንኑ ይላል። በሰማያዊ ሳጥን ከበህ «አስታውስ!» ብለህበታል። ሰው ስህተቱን ይደብቃል እንጂ እንዴት ሳጥን ይሠራለታል?

ነገሩ በሳቅ የሚያልፍ ቢሆን ስቄብህ ዝም እል ነበር። ከዞናችን የሚወሰደው አንድ ተማሪ ብቻ ነው። ቤተል የምትባል ተማሪ አለችኝ፣ የወንጌላዊ ባርኮት ልጅ። ይህን ጥያቄ ክፍል ውስጥ ሰሌዳ ላይ ስትሠራው እኔ ጠመኔ ከማቀበል ሌላ ሥራ አልነበረኝም። ፈተናው ላይም እንደዚያው እንደሠራችው አልጠራጠርም፤ በእናንተ መልስ ስህተት ይሰጣታል ማለት ነው። የምትፎካከራት የጅምላ ነጋዴው የጠሃ ልጅ ሰልሰቢል ናት፤ የግል ትምህርት ቤት፣ የግል አስጠኚ፣ መጽሐፍህን ከዳር እስከ ዳር የሸመደደች። እሷ «እኩል ነው» ብላ ታልፋለች። ቤተል ዘንድሮ አሥረኛ ክፍልን ትጨርሳለች፤ ከዚያ በኋላ መፈተን አይፈቀድም። እዚህ ያለው ቤተ ሙከራ ደግሞ የተሰበረ ወንበር ማከማቻ መሆኑን ተምረህበታልና አልነግርህም።

መልሱን አርም። በደንቡ ቅሬታ ማስገባት እችላለሁ፤ የእናቴ ልጅ ስለሆንክ ግን ራስህ እንድታርመው ዕድል ሰጥቼሃለሁ።

ታላቅ እህትህ ፀዳለ
የፊዚክስ መምህርት፣ ዶክተር ያልሆነች


አዲስ አበባ
ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ እትዬ ፀዳለ

በአገራችን ሰላምታ ሳሮ፣ እትዬ! ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። አቢጋኤል «አክስቴ መቼ ነው የምትመጣው?» እያለች ታስቸግረኛለች። ባለቤቴም ከልብ ሰላም ብላሻለች። ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ እጅግ ደስ አለኝ፤ እስከ መጨረሻው ካነበብኩት በኋላ ግን ትንሽ አዘንኩ። በመዘግየቴ ይቅርታ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው።

ስለ ጥያቄው ያነሳሽው ሐሳብ ጥሩ ሐሳብ ነው። ሆኖም የተወረወሩት መሣሪያዎች ፍጥነት ከጠፈርተኛዋ ሳይሆን ከመንኮራኩሯ አንጻር ከተለካ ሁለቱም መንገድ እኩል ውጤት ይሰጣል። ስለዚህ መልሱ በአንድ አተያይ ያስኬዳል። መጽሐፉን በሚመለከት በሚቀጥለው እትም አንዳንድ ማስተካከያ ለማድረግ አስበናል።

ስለ ልጅቷ ለጠየቅሽኝ ይቅርታ አድርጊልኝ፤ የተፈታኞች ወረቀት ምስጢር ነው። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፤ ቅሬታ አታስገቢ። ምክንያቱን በደብዳቤ ልጽፈው አልችልም። አንድ ጊዜ እንኳ እመኚኝ፣ እትዬ።

ለአጎታችን ለጋሽ ሸዋንዳኝ ደውዬለት ነበር። ሊጠይቅሽ ይመጣል።

አክባሪ ወንድምሽ
ክብሩ


አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ
ግንቦት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለክቡር ዶክተር ክብሩ

መጣ። ሊጠይቀኝ መጣ።

ትናንት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ያን ጉልበቱን የሚያመውን ሽማግሌ በራፌ ላይ እርጥብ ሳር ይዞ ተንበርክኮ አገኘሁት። ጎረቤቱ በሙሉ ወጥቶ ያየኛል። እኔን ያልሆነ ነገር ጠረጠሩኝ፤ ሰው የገደልኩ ነው የሚመስለው! «ጋሼ፣ ተነሳ እንጂ፣ ምን ሆነሃል?» ስለው «ከወንድምሽ ታረቂ፤ ያንንም ወረቀት አታስገቢ» አለኝ። «የምን ወረቀት እንደሆነ ነግሮሃል?» አልኩት። «እኔ ምኑን አውቄ ልጄ፤ የጨረቃ ነገር ነው አለኝ» አለ።

የጋሞ አባቶች ሳር ይዘው ጦር የተማዘዘ ሰው መሀል ይገቡ ነበር። ገዳይና የሟች ወገን በዚያ ሳር ይታረቅ ነበር። አንተ የፈተና ቅሬታ ልታስቆምበት ላክኸው። ሳር የያዘ ሽማግሌ እምቢ እንደማይባል፣ ተራምደውት እንደማይታለፍ ታውቃለህ፤ ስለምታውቅ ነው የላክኸው። አዲስ አበባ ሆነህ ከባህላችን የቀረህ ይህ ብቻ ነው፤ ሲቸግርህ የሚጠቅምህ።

ሳሩን ተቀበልኩ። ሽማግሌውን አነሳሁት፣ ጉልበቱን አሸሁለት፣ ምሳ አበላሁት። ታርቀናል፣ ደስ ይበልህ። የታረቅሁት ግን ካንተ ጋር እንጂ ከመልስህ ጋር አይደለም። ዛሬ ጠዋት ቅሬታውን ጽፌ፣ ፈርሜ፣ በርዕሰ መምህሩ በጋሽ ይፍሩ ማኅተም አስመትቼ ለኮሚቴህ ልኬዋለሁ።

«ከመንኮራኩሯ አንጻር ከተለካ» ላልከኝ፣ የራስህን ጥያቄ ሄደህ አንብበው። «ከራሷ አንጻር» ይላል። ጥያቄውን የጻፍከው አንተ፣ ያላነበብከውም አንተ! እኔ እኮ ነኝ ሮኬት አየር እየገፋ ነው የሚሄደው ብለህ ድርቅ ስትል፣ አየር በሌለበትስ ብዬ ያሳመንኩህ። ያኔ ቢያንስ ስትሸነፍ ታለቅስ ነበር። አሁን «በአንድ አተያይ» ትላለህ።

ምክንያቱን መጻፍ አልችልም አልክ። እኔ ልጻፍልህ፤ ፎቶህ ሽፋኑ ላይ ነው። ሌላ ምን ምክንያት አለ? «ቄሱም ዝም መጽሐፉም ዝም» ይባላል። አንተ ዘንድ ቄሱ ዝም ብሎ መጽሐፉ ይዋሻል።

አቢጋኤልን ሳምልኝ። ፊዚክስ ስታስጠናት ግን ተጠንቀቅ።

ፀዳለ


አዲስ አበባ
ግንቦት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ

ስለ ጋሽ ሸዋንዳኝ ይቅርታ እጠይቅሻለሁ። «አነጋግርልኝ» አልኩት እንጂ ተንበርከክ አላልኩትም። ቢሆንም ስልኩን የደወልኩት እኔ ነኝ።

ቅሬታሽ ደርሶኛል። መሳቢያዬ ውስጥ ነው፤ ከእኔ በቀር ያየው የለም። ልጽፈው የማልችለውን አሁን እጽፍልሻለሁ፤ እንዳነበብሽው ቅደጂው።

መልሱ ስህተት መሆኑን ያወቅሁት ደብዳቤሽ ከመድረሱ በፊት ነው። ከዞናችን ወረቀቶች አንዱን ሳርም ተፈታኙ «በየተራ ይበልጣል» ብሎ ከነስሌቱ አስቀምጦታል። ሁለት ጊዜ ሠራሁት። እሱ ልክ ነበር፣ እኔ ተሳስቼ ነበር። ለኮሚቴው አባላት ልነግር ተነሳሁ። ከዚያ ደብዳቤሽ ደረሰኝ፤ ውጤቱ ተደምሮ ስሞቹ ሲከፈቱ ደግሞ አየሁ።

እንደዚያ የመለሰችው ሰልሰቢል ናት፤ የጠሃ ልጅ።

ቤተልሽ «ሁለቱም እኩል ነው» ብላለች። ከመልሷ በፊት «በመጽሐፉ መሠረት» የሚል ጽፋለች። ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

አሁን ባለው መልስ ቤተል ከዞኑ አንደኛ ናት። ሰልሰቢልን የምትበልጣት በአንድ ጥያቄ ብቻ ነው። ያንን ጥያቄ ካረምኩት አንዷ ታጣለች፣ ሌላዋ ታገኛለች፤ ቦታው የሰልሰቢል ይሆናል። ቅሬታ አታስገቢ ያልኩሽ ለዚህ ነበር። አንቺ ስለዚያች ልጅ የምትጽፊውን እያነበብኩ እንዴት አድርጌ ላርመው?

ምንም መጻፍ አያስፈልግሽም። ዝም ካልሽ ወረቀትሽ መሳቢያዬ ውስጥ ይቀራል፣ ቤተልም ትገባለች። ማንም አያውቅም።

ክብሩ


አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ
ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ክብሩ

ደብዳቤህን እንዳልከው ቀድጄዋለሁ። ከመቅደዴ በፊት ግን አራት አምስት ቀን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ዞርኩ፤ ዝም ልል አስቤ እንደነበር እንድታውቅ ነው። ይህን የምነግርህ አንተን ለማጽናናት አይደለም።

በመጨረሻ ቤተልን ከትምህርት በኋላ አስቀረኋት። ክፍሉ ባዶ ነበር። ሰሌዳው ላይ ሁለቱን መሣሪያዎች ሥዬ «ይህንን ሥሪልኝ» አልኳት። ቆማ ሠራችው፤ ልክ፣ ያለ አንዲት ስርዝ። «ታዲያ ፈተናው ላይ ምን ብለሽ ነው የመለስሽው?» አልኳት። «እኩል ነው ብዬ።» «ለምን?»

ገርሟት አየችኝ። «ቲቸር፣ እርስዎ አይደሉ እንዴ ያሉን? ‹ፈተና ላይ መጽሐፉ ያለውን ጻፉ፣ እውነቱን ለእኔ በቃል ንገሩኝ› ይሉን የለ? መጽሐፉ እኩል ነው ይላል። መጽሐፉን የጻፉትም ፈታኙ ናቸው።»

ብያለሁ። በየዓመቱ እላለሁ። መጽሐፍ ሲሳሳት ልጆቹ እንዳይጎዱብኝ ብዬ የፈጠርኩት ዘዴ ነው፤ እንደ ትልቅ ብልሃት ለአዳዲስ መምህራንም አስተምሬዋለሁ። በዚህ ከተማ ያሉ ጎበዝ ልጆች ሁሉ ሁለት መልስ ይዘው እንዲዞሩ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ቁጭ አልኩ ክብሩ። ልጅቷ ውኃ ላምጣልዎት ወይ እስክትለኝ ድረስ።

አልዋሸኋትም። ሁሉንም ነገርኳት፤ ያንተን ስህተት፣ የእኔን ቅሬታ፣ አንደኛ መሆኗን፣ መልሱ ከታረመ ቦታው የሰልሰቢል እንደሚሆን። አንገቷን ደፍታ ሰማችኝ። ምን ላድርግ ብዬ ግን አልጠየቅኳትም። አንድ ልጅ ይህንን እንድትወስን መጠየቅ ነውር ነው፤ አንተ እኔን እንደጠየቅኸኝ ዓይነት ነውር። ሸክምህን ጠቅልለህ በአውቶቡስ ላክልኝና «ዝም ካልሽ ይበቃል» አልከኝ። ምን ዓይነት ወንድ ነው ኃጢአቱን እንኳ በእህቱ ዝምታ የሚሠራው?

ደግሞስ ምሕረትህና ኩራትህ አንድ መሳቢያ ውስጥ እንዴት ተስማምተው ገቡልህ? ለቤተል አዝነህ ስትደብቀው ፎቶህም አብሮ ዳነ። «አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል» የሚለውን ተረት ለአንተ አስቀምጬልህ ነበር፤ አሁን ሳየው ለሁለታችንም ይበቃል።

ሰልሰቢልን በሚመለከት፣ አስጠኚዋን ንቄ ነበር፤ አባቷን፣ የግል ትምህርት ቤቷን ንቄ ነበር። ልክ መልሳለች። ሌላስ? በየዞኑ ስንት ልጅ አለ እንደ እሷ ልክ ሠርቶ ስህተት የተሰጠው? አንተ ስለ እነሱ አንድ መስመር አልጻፍክም። እኔም ብሆን እስከዚህ ሳምንት ድረስ ቤተል እንጂ ሌላ ልጅ ያለ አልመሰለኝም ነበር።

ወረቀቴን ከመሳቢያ አውጣው። መልሱን አርም። በስምህ አርመው፤ «ተሳስቻለሁ» የሚለው ቃል ስድስት ፊደል ነው፣ አይከብድህም።

ልጅቷን ከሸኘሁ በኋላ አለቀስኩ። ይህንን ስልክ ላይ አልነግርህም ነበር።

ፀዳለ


አዲስ አበባ
ሰኔ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ እትዬ

እርማቱ ዛሬ ወጥቷል፤ ከዚህ ጋር አያይዤልሻለሁ። የየዞኑ ወረቀት ሁሉ እንደገና ታርሟል። ከእኛ ዞን ሰልሰቢል ተመርጣለች።

ማስታወቂያው «በኅትመት ስህተት ምክንያት» እንደሚል ታያለሽ። እኔ ሌላ ቃል ጽፌ ነበር፤ ለተቋሙ መልካም ስም ሲባል ይህ ይሻላል ተባለ። እኔም ብዙ አልተከራከርኩም። ይቅርታ አድርጊልኝ።

ስለ ቤተል ምን እንደምል አላውቅም። ንገሪኝ፤ እንዴት ሆነች?

ክብሩ


አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ
መስከረም 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ወንድሜ ክብሩ

እንኳን አደረሰህ። ክረምቱን ሙሉ ሳልጽፍልህ የቆየሁት ስለ ማተሚያ ቤቱ እያዘንኩ ነው። ምስኪን ማሽን! ሰማያዊ ሳጥኑንም ራሱ ሠርቶ፣ «አስታውስ!» የሚለውንም ራሱ ጨምሮበት፣ አሁን በአደባባይ ተዋረደ። ያለ ጠበቃ ነው የቀረው። ስድስት ፊደል ከበደህ፣ አይደል?

በመጨረሻው ደብዳቤህ የጠየቅኸኝ ስለ ቤተል ነውና እሱን ልመልስ።

ውጤቱ የተነገረ ቀን ትምህርት ቤት መጣች፤ መቅረት ነበረባት፣ ግን መጣች። ወንጌላዊ ባርኮት «የጌታ ፈቃድ ነው» አለ፤ ቤተ ክርስቲያን በራፍ ላይ ሰላም ይለኛል፣ እጁን ግን አይዘረጋልኝም። አልፈርድበትም። እኔ ዘንድሮ ክፍል ገብቼ መጀመሪያ ያልኩት ነገር ያ ዘዴ ከእንግዲህ እንደማይሠራ ነው። ልጆቹ ማርክ ሲቀነስብን ማን ይከራከርልናል አሉኝ። እኔ እከራከራለሁ አልኳቸው። ሥራ አበዛህብኝ።

ትናንት ሰልሰቢል ወደ አዲስ አበባ ሄደች። መናኸሪያ የሄድኩት ልሸኛት ነው፤ ይቅርታም ልጠይቃት አስቤ ነበር፣ ምን ብዬ እንደምጀምር ግን አላወቅሁም። የናቅኋት በልቤ እንጂ በአፌ አልነበረም። ጠሃ የሱቁን ግማሽ ጭኖ መጥቷል፤ እናቷ ባህሪያ ከአውቶቡሱ ረዳት ጋር ስለ ካርቶን ትጨቃጨቃለች። በመሀል ቤተልን አየኋት። የሰልሰቢልን ሻንጣ ተሸክማ እየተጎተተች ትመጣለች። ለካ ጎረቤታሞች ናቸው፤ የባርኮት ቤት ከጠሃ ሱቅ ጀርባ ነው። ስንት ዓመት አስተምሬ ይህን አላውቅም ነበር። ሁለቱ ተቃቅፈው ቆዩ፤ ሰልሰቢል ነች ያለቀሰችው። ቤተል «በቃ፣ ሰው ያያል» እያለች ትስቅባት ነበር።

አውቶቡሱ ወጣ። ባጃጆቹ መሀል ሁለታችን ቀረን። ወደ ቤት መንገድ ስንጀምር ሳልጠይቃት እንዲህ አለችኝ፦

«ቲቸር፣ ያንን ጥያቄ ለሰልሰቢል ያስረዳኋት እኔ ነኝ። ከፈተናው በፊት በነበረው ቀን፣ ሱቃቸው ጓሮ። መጽሐፉን አሳየችኝ፤ ተሳስቷል አልኳት። አላመነችም ነበር፣ ሠርቼ አሳየኋት።»

እግሬ ቆመ። «ታዲያ ለእሷ ልኩን ነግረሽ አንቺ ለምን ስህተቱን ጻፍሽ?»

አልተቆጣችም ክብሩ። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ልክ ሰሌዳ ፊት እንደምታስረዳው ቀስ ብላ «እሷ እኔን አመነች» አለችኝ። «እኔ ደግሞ እርስዎን አመንኩ።»

እንዴት እንደሆነች ጠይቀሃል፤ እንዲህ ሆናለች። ለማተሚያ ቤቱ ንገርልኝ።

ፀዳለ